ከሐይቁ ማዶ ያለው ግቢ



በሐረርጌ ገጠር «ልጁ ለዒልም ወጣ» ሲባል ድሮ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነበር። ልጁ ኪታቡን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ሉሑን በብብቱ ይዞ፣ ከአንዱ ሸይኽ ወደ ሌላው ሸይኽ ይጓዛል ማለት ነው። ደረሳውን የሚያበላው የመንደሩ ሕዝብ ነው። ማታ ማታ በየቤቱ እየዞረ ድርሻውን ይቀበላል፤ በአጨዳ ወቅት ካበሉት ሰዎች ጋር ማሽላ ያጭዳል፤ ዝናብ ሲዘገይም ሸይኹ ከገበሬው ጋር ሜዳ ወጥቶ ዱዓ ያደርጋል። ስለዚህ መንደሩ የቂርአት ቤቱን በባይተዋርነት አያየውም። ያበላው እርሱ ነውና የራሱ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ዒልም ወደ ሰፈራችን የመጣው አባቴ ገና ከብት ጠባቂ ልጅ ሳለ ነው። ከሐረር ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ፣ የጫት ገበያዋን አወዳይን አለፍ እንዳሉ፣ ከሐይቁ ማዶ ሰፊ መሬት ታጠረ፤ ቤቶች ተሠሩ፤ ትራክተር መጣ፤ ነጮች ከነቤተሰቦቻቸው ሰፈሩ። ሰዉ «ኮሌጅ» አለው። ግቢው ከዚያ ወዲህ ብዙ ስም ቢቀያየርለትም የሰፈራችን ሽማግሌዎች እስካሁን «ኮሌጅ» ነው የሚሉት። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለዚህ ግቢ ነው፤ ማለትም ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ስለሚባለው። (እ.ኤ.አ. ካላልኩ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመቶች በእኛው አቆጣጠር ናቸው።)

የግቢው ታሪክ የሚጀምረው ከሐረርጌ እጅግ ርቆ ነው። በጥር 1941 ዓ.ም. የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ሃሪ ትሩማን ሥልጣን ሲረከቡ ባደረጉት ንግግር አራተኛ ነጥብ አድርገው ያነሱት ነገር ነበር፦ አገራቸው ለድሃ አገሮች የቴክኒክ እውቀቷን ታካፍል የሚል። ፕሮግራሙም ስሙን ከዚያው ወስዶ «ፖይንት ፎር» ተባለ። የፕሮግራሙ የመጀመሪያ ኃላፊ ሆነው የተሾሙት ሄንሪ ቤኔት የሚባሉ የኦክላሆማ እርሻና መካኒክ ኮሌጅ ፕሬዝዳንት ነበሩ። እኚህ ሰው ቀደም ብለው ኢትዮጵያ መጥተው ንጉሡን አነጋግረዋል፤ እንደ ኦክላሆማው ያለ የእርሻ ኮሌጅ እዚህም ይቋቋም የሚለው ሐሳብ የበሰለው በዚያን ጊዜ ነው። ይሁንና ቤኔት የሐሳባቸውን ፍሬ አላዩም። በታኅሣሥ 1944 ዓ.ም. የተሳፈሩበት አውሮፕላን ቴህራን አጠገብ ተከስክሶ ሞቱ። ስምምነቱ የተፈረመው ከአምስት ወር በኋላ፣ በግንቦት ነው።

ትምህርቱ በመጀመሪያ የተጀመረው በጅማ ነው፤ የአለማያው ግቢ ገና አልተሠራምና። በሰኔ 1946 ዓ.ም. ንጉሡ ራሳቸው ስቲልዎተር ድረስ ሄደው የኦክላሆማውን ኮሌጅ ጎበኙ። እ.ኤ.አ. በ1956 ተማሪዎቹ ከጅማ ወደ አለማያ ተዛወሩ፤ በጥር 1950 ዓ.ም. ደግሞ ግቢው በይፋ ተመረቀ። ሙሉ ስሙ «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት የእርሻና የመካኒክ ጥበባት ኮሌጅ» የሚል ረጅም ስም ነበር። ኦክላሆማዎች መምህርም አስተዳዳሪም እየላኩ እስከ እ.ኤ.አ. 1968 ድረስ ቆዩ።

እዚህ ላይ ስለዚያ ረጅም ስም ትንሽ ልበል፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነውና። «እርሻና መካኒክ» የሚለው አጠራር በአሜሪካ አብርሃም ሊንከን እ.ኤ.አ. በ1862 ከፈረሙት ሕግ የመጣ ነው። ያ ሕግ ለየክፍላተ አገራቱ መሬት እየሰጠ፣ የገበሬውና የሠራተኛው ልጅ የሚማርባቸው ኮሌጆች እንዲቆሙ ያደረገ ነው። ከጊዜ በኋላ እነዚህ ኮሌጆች ሦስት ሥራ ያዙ፦ ማስተማር፣ መመራመር፣ የተገኘውን እውቀት ደግሞ ገበሬው ማሳ ድረስ ወስዶ ማሳየት። ሦስቱ እንደ ጉልቻ ናቸው። አንዱ ከተነሣ ድስቱ ይደፋል።

አለማያም ሲተከል ጉልቻው ሦስት ነበር። በአገራችን የእርሻ ኤክስቴንሽን ሥራ የተጀመረው በዚሁ ኮሌጅ እጅ ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1963 የኤክስቴንሽኑ ኃላፊነት ከኮሌጁ ተወስዶ ለእርሻ ሚኒስቴር ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1966 ደግሞ አገር አቀፍ የእርሻ ምርምር ተቋም ተመሠረተና ምርምሩን የሚመራ ሌላ ባለቤት መጣ። ለዚህ በቂ ምክንያት አልነበረም አልልም። አንድ ኮሌጅ ይህን ሁሉ አገር ሊያዳርስ አይችልም፤ ሚኒስቴሩ ደግሞ በየአውራጃው ሰው አለው። ግን ውጤቱን እዩት። ምርምሩ በግቢው ውስጥ በመጠኑም ቢሆን ቀጠለ፤ ማስተማሩም ቀጠለ። የተቆረጠው ከአጥሩ ወጥቶ ወደ ገበሬው የሚሄደው እግር ነው። ከዚያ በኋላ ኮሌጁ እኛ ሰፈር ሲመጣ የሚመጣው ሊጠይቅ እንጂ ሊነግር አልነበረም።

ይህን የምለው ከወረቀት አንብቤ ብቻ አይደለም። በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ፣ እኔ ገና የስምንትና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ተማሪዎች ደብተራቸውን ይዘው ወደ ማሳችን ይመጡ ነበር። ከየት ያልመጣ አለ? ከሸዋ፣ ከጎጃም፣ ከትግራይ፣ ከወለጋ። አባቴ ከኦሮምኛ ሌላ የሚያውቀው ሐረሪኛና ለቂርአት የሚያስፈልገውን ዐረብኛ ነው። እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት ገብቼ አማርኛ ለምጃለሁና አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። ስንት ኩንታል ታገኛላችሁ? ስንት ጥማድ አላችሁ? በሬውን በቀን ስንት ኪሎ ሣር ታበሉታላችሁ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ አባቴን በጣም አሳቀው። «ሲጠግብ ያቆማል በለው» አለኝ።

ነገር ግን ከሣቀ በኋላ ተነሥቶ አሳያቸው። ሐረርጌ ሰንጋ የሚደለበው እንዴት እንደሆነ ታውቁ ይሆናል። በሬው በቤቱ ጥግ ታስሮ ይቆማል፤ ማሽላው በጣም ተጠጋግቶ ይዘራና እያደገ ሲሄድ የሚነቀለው፣ ኋላም የሚመለመለው ቅጠል፣ የአገዳው ጫፍ፣ ሁሉም እየተሸከሙ ለእርሱ ይቀርብለታል። ከአንድ ጢቢኛ መሬት እህልም፣ ማገዶም፣ ሥጋም ይወጣል። ልጆቹ አንዷንም ቃል ሳያስቀሩ ጻፉት። ከእነርሱ አንዱ ሲሰናበት አባቴን እጅ ነሥቶ «ዛሬ የተማርነው እኛ ነን» አለው፤ እኔም ተረጎምኩለት። አባቴ ደስ አለው። ጥቂት ቆይቶ ግን «ይህን ወስደው የት ያደርሱታል?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም።

ለመሆኑ ግቢው ፍሬ አላፈራም ወይ? አፍርቷል፤ ያውም ለዓለም። በማሽላ በኩል ብቻ ያለውን ብናይ፣ የኢትዮጵያ የማሽላ ማሻሻያ ሥራ ጎጆ የወጣው ከአለማያ ነው። ከወሎንኮሚ ተነሥተው በጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት በኩል አለማያ የገቡት ገቢሳ እጀታ እ.ኤ.አ. በ1973 ከዚሁ ኮሌጅ ተመረቁ። ወደ አሜሪካ ሄደው በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከተማሩ በኋላ ለሱዳን ገበሬዎች ድርቅ የሚቋቋም ድቅል ማሽላ አወጡ፤ ቀጥለውም አቀንጭራን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን አበረከቱ። አቀንጭራ ምን እንደሆነ የቆላ ገበሬ ይንገራችሁ! ላዩ የሚያምር አበባ ነው፤ ሥሩ ግን ከማሽላው ሥር ተጣብቆ ደሙን ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት የተሰጣቸው ለዚህ ነው። በሰፈራችን የስማቸውን ዜና በሬዲዮ የሰማን ዕለት የተደሰትነው ደስታ የዘመድ ደስታ ነበር፤ እኛ ማሽላ በሊታዎች ነንና።

ቅርብ ያለውንም አልክድም። «አለማያ ኮምፖዚት» የተባለው በቆሎ ስሙ እንደሚነግራችሁ ከዚያ ግቢ የወጣ ነው። በድንች ዝርያዎችም ግቢው የታወቀ ነው፤ የሐረርጌ ድንች ጅቡቲና ሶማሊያ ድረስ ተጭኖ ይሄዳል። አባቴም የተሻሻለ የድንች ዘር ተክሏል። ያገኘው ግን በአጥሩ በር አልፎ አይደለም፤ ከአወዳይ ገበያ ከአንድ ዘመዳችን ገዝቶ ነው። ዘሩ መንገዱን ራሱ ፈልጎ መጣ ማለት ነው።

ግቢው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ኋላም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ከቆየ በኋላ በግንቦት 1977 ዓ.ም. ራሱን ችሎ «የአለማያ እርሻ ዩኒቨርሲቲ» ሆነ። ዓመቱ አገሩ በረሃብ የተመታበት ዓመት መሆኑን ልብ በሉ። በ1980ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ ከእርሻ ወጥቶ የመምህራን ትምህርትና የጤና ትምህርት ጨመረ። እኔም በዚያ በር ነው የገባሁት። በሰፈራችን ከእኔ በፊት ኮሌጅ ገብቶ የተመረቀ አልነበረም። ግቢው ከቤታችን ደጃፍ ይታያል፤ ሆኖም በአርባ ዓመት ውስጥ ከእኛ መንደር አንድ ልጅ አልተሻገረም። ምክንያቱ ብዙ ነው፦ በአቅራቢያችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አልነበረም፤ ትምህርቱ ልጁ በማያውቀው ቋንቋ ነው፤ ወላጅም «ልጄ ዲኑን ይረሳብኛል» እያለ ይሰጋል። ይህ ሥጋት ከንቱ ነው የሚሉ አሉ። በጊዜው ግን ሥጋቱን የሚያቃልል ነገር ከአጥሩ ወዲያም ወዲህም አልታየም ነበር። እኔን አባቴ ሲልከኝ አንዳንድ ጎረቤት ገርሞታል። እርሱ ግን «በሩቅ አገር ያለ ሸይኽ ጋ ከምልከው ይህ ቅርብ ነው፤ ጁሙዓ ጁሙዓ አየዋለሁ» ነበር ያለው።

ከተማርኩት ሁሉ ያልረሳሁት አንድ ነገር ነው። አንድ መምህራችን ለተግባር ትምህርት ወደ ሐይቁ ወሰደንና በውሃው ዳር ችካል አስተከለን። በዓመቱ ተመልሰን ስናየው ችካሉ ደረቅ መሬት ላይ ቆሞ ነበር። ውሃው ሸሽቷል። ከችካሉ እስከ ውሃው በእርምጃ ለካን፤ ቁጥሩን ደብተራችን ላይ ጻፍን፤ ተፈተንበት። ከፈተናው በኋላ ቁጥሩ ወዴትም አልሄደም።

የሐይቁ ነገር በአጭሩ ይህን ይመስላል። ሐረማያ ጥልቀት የሌለው፣ መውጫ ወንዝም የሌለው ሐይቅ ነበር። ዙሪያው ያለው ኮረብታ ዛፉ እየተመነጠረ ሲሄድ ጎርፍ አፈሩን እያጋዘ ወለሉን ሞላው። ሐረር ከተማ የሚጠጣው ከዚያ ነው፤ በዙሪያው ያሉ ከተሞችም እንዲሁ። ገበሬው ደግሞ ፓምፕ ገዛ። በበጋ ውሃ ያገኘ ጫት ዋጋው ከሌላው ጊዜ ይበልጣልና ማሽላውን እየነቀለ ጫት የተከለው ሰው ቁጥር በየዓመቱ ጨመረ። የአባቴንም ማሳ ያየሁት እንዲህ ሆኖ ነው። አንድ ዕለት «አባባ፣ ሐይቁ እያለቀ ነው እኮ፤ በደብተሬ ተጽፏል» ብለው፣ «እኔ ባልስበው ጎረቤቴ ይስበዋል፤ ጎረቤቴ ቢተወው ሐረር ትጠጣዋለች። ከማን ጋር ሆኜ ልተወው?» አለኝ። ይህ የአንድ ስስታም ሰው ንግግር አይደለም። አባቴ ዘካውን አጓድሎ አያውቅም። ከማን ጋር እንደሚመክር ግን በእውነት አያውቅም ነበር፤ የሚያማክረውም አልመጣለትም።

በ1996 ዓ.ም. ገደማ ሐይቁ ጨርሶ ደረቀ። ጎረቤቱ አዴሌም እንዲሁ። ልጅ ሆነን የዋኘንበት ቦታ ላይ ከብት ተሰማራ፤ ሐረር ሰው ጀሪካን ተሸክሞ ተሰለፈ፤ ገበሬውም በሐይቁ ወለል ላይ ጉድጓድ እየቆፈረ የተረፈውን ውሃ ተከተለው። በአገሪቱ ቀዳሚው የእርሻ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ላይ ያለ ሐይቅ ሞተ ማለት ነው። ይህን ብዙ ሰው ለመዝለፊያ ሲጠቀምበት ሰምቻለሁ፤ «ደጃቸውን ያላዳኑ» እያለ። እኔ አልስማማም። የግቢው ተመራማሪዎች ስለ ተፋሰሱ ጽፈዋል። ውሃውን ማን ምን ያህል ይቅዳ ብሎ የመወሰን ሥልጣን ግን የዩኒቨርሲቲ አይደለም። የጎደለው ሌላ ነው። የሚያውቀው ሰው ጽሑፉን የሚጽፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ፓምፑን የሚያስነሣው ሰው የሚናገረው በኦሮምኛ ነው፤ በመካከላቸው እየተመላለሰ እንዲያገናኛቸው የታሰበው ሰው ደግሞ ገና እ.ኤ.አ. በ1963 ከግቢው ወጥቷል።

ወደ ስሙ ልመለስ። በየካቲት 1998 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ከ«አለማያ» ወደ «ሐረማያ» ስሙን ለወጠ። አማርኛ ተናጋሪ ጓደኞቼ የድሮውን ስም «ዓለም ማያ» ብለው ሲፈቱት እሰማ ነበር፤ ደስ የሚል ትርጉም ነው፤ ግን የቦታው ስም አይደለም። «ሀሮ» በኦሮምኛ ሐይቅ ነው፤ «ማያ» ደግሞ በጥንት ዘመን በዚያ አካባቢ የነበረ ሕዝብ ስም ነው ይላሉ። እንግዲህ ግቢው የሐይቁን ስም በትክክል መጥራት የጀመረው ሐይቁ ከደረቀ በኋላ ነው። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የሐረር ጀጎል ከነ82 መስጊዶቹ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፈረ። ሁለቱ የሐረርጌ የዒልም ቤቶች በአንድ ዓመት ስማቸው ተነሣ፤ አንዱ ከሌላው ከሃያ ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ሆኖ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ዕድገት ለመቁጠር እንኳ ያስቸግራል። እኔ ተማሪ ሳለሁ በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲ የሚባሉት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ናቸው። በምሥራቅ ብቻ ድሬዳዋና ጅግጅጋ የየራሳቸውን አገኙ፤ በምዕራብ ሐረርጌ ኦዳ ቡልቱም ተከተለ። በሐረማያ የሕግ፣ የእንስሳት ሕክምና፣ የኮምፒዩተር ትምህርት አለ። ሐረር ከተማ ያለው ሕይወት ፋና ሆስፒታል የዩኒቨርሲቲው ማስተማሪያ ሆኗል። ብዛቱ ጥራትን አሳጥቷል እየተባለ ይወቀሳል። ወቀሳው ሐሰት ነው ማለት አልችልም፤ አስተማሪ ነኝና በየዓመቱ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቀው የሚመጡልንን አዳዲስ መምህራን አያለሁ። ግን የእህቴ ልጅ ከዚያው ከሐረር ግቢ በአዋላጅ ነርስነት ተመርቃለች። ከገጠር ምጥ ይዟት የመጣች እናት «ከየት ነው የሚያምሽ?» ተብላ በራሷ ቋንቋ ስትጠየቅ ፊቷ ላይ የሚታየውን ነገር የእህቴ ልጅ ስትነግረኝ፣ በልጅነቴ በአባቴና በእንግዶቹ መካከል ቆሜ ቃል ሳመላልስ የነበረው ድካም ትዝ ይለኛል። እናቱም ልጁም በሰላም ይገላገላሉ፤ አልሐምዱሊላህ። ይህን ጥራት በምን መስፈርት እንደሚለኩት እነርሱ ይወቁ።

ሐይቁም በአላህ ራሕመት ባለፉት ጥቂት ዓመታት መመለስ ጀምሯል። ዝናቡ ጥሩ ሆነ፤ በኮረብታዎቹ ላይ እርከን ተሠራ፤ ሐረርም ውሃዋን ከሌላ ቦታ መሳብ ጀመረች። ወፎቹም መጥተዋል። ፓምፖቹም መጥተዋል! ባለፈው በጋ ወንድሜን ልጠይቅ ስሄድ በውሃው ዳር ተደርድረው አየኋቸው። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ መሬቱን ለወንድሜ ትቶለት ሄዷል፤ ወንድሜም ከሦስት ጎረቤቶች ጋር ሆኖ አንድ ፓምፕ ገዝቷል።

ተቀምጠን ሳለን ከዩኒቨርሲቲው የመጣ አንድ ወጣት ደረሰ። ከኮምቦልቻ አካባቢ የተወለደ ነው። በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጠ፤ የወንድሜን እጅ ይዞ ስለ ቤቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ በወጉ ጠየቀ፤ ቡናም ጠጣ። አስተርጓሚ አላስፈለገም። ደብተሩን አውጥቶ ወንድሜና ጎረቤቶቹ ፓምፑን በቀን ስንት ሰዓት እንደሚያሠሩት፣ ተራ አውጥተውለት እንደሆነም ጠየቀ። ወንድሜ ወደ ጎረቤቶቹ ማሳ አየት አደረገና ሰዓቱን አንዱንም ሳይደብቅ ነገረው። ከዚያም እርሱ በፈንታው «ይህ ውሃ ሁላችንም እንዲህ ከሳብነው ስንት ዓመት ይቆየናል?» ሲል ጠየቀ። ወጣቱ ደብተሩን ከደነና፣ የደለሉ ልክ ገና አለመለካቱን፣ በሚቀጥለው ሳምንት ግን ከጓደኞቹ ጋር መጥቶ ሰፈሩ በተሰበሰበበት ያላቸውን ቁጥር እንደሚያሳዩ ነገረው። ወንድሜ ሐሙስ አይመቸንም፣ የገበያ ቀን ነው አለው። ጁሙዓ ከሶላት በኋላ፣ መስጊዱ ደጃፍ ላይ ተባባሉ።